ለማን? ወጣት ወንዶችና የሕይወት ዓላማ በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመን



ርእሱ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ቦታ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አስተዳደር መቀመጫ ከሆነችው ከቶንጎ ልነሣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቶንጎ የመጣ አንድ ተማሪዬ በሁለተኛ ዓመቱ መጨረሻ ቢሮዬ ገብቶ፣ «መምህር፣ ይህን ሁሉ የምማረው ለማን ነው?» አለኝ። «ለራስህ ነዋ» አልሁት። ራሱን ነቅንቆ ወጣ። በመስከረም አልተመለሰም። ወርቅ ቁፋሮ መግባቱን ያወቅሁት ከቲክቶክ ገጹ ነው፤ በመዳፉ ቅንጣት ወርቅ ይዞ የሚታይበትን ቪዲዮ ብዙ ሺህ ሰው ወዶለታል። የጠየቀኝ «ለምን» ብሎ ሳይሆን «ለማን» ብሎ እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በዚህ ምድር «ለማን» የቆየ ጥያቄ ነው። የግብፁ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ወርቅና ባሪያ ፈልጎ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ቤኒሻንጉልን ካስገበሩ በኋላም የሼክ ኾጀሌ አል-ሐሰን ግብር ወርቅ ሆነ። ወርቁን የሚያጥበው ሌላ፣ የሚመዝነው ሌላ ነበር። ማኦና ኮሞ ደግሞ ራሳቸው እየተፈነገሉ ተሸጠዋል፤ ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህም የአያቶቻችን ዕድሜ ነው። ስልክ ከመምጣቱ አስቀድሞም የዚህ አገር ወጣት ዋጋ የሚተመነው በማያውቀው ሰው ነበር ማለቴ ነው።

አሁን የሚተምነው መተግበሪያው ነው። አሠራሩን አብዛኞቻችሁ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ቪዲዮው አስቀድሞ ለጥቂት ሰዎች ይቀርባል፤ እነርሱ ዓይናቸውን ካልነቀሉ ለብዙዎች ይደርሳል። እንግዲህ ወጣቱ የሚማረው የማያውቀውን ሰው ዓይን ይዞ ማቆየትን ነው። ተመልካቹ ግን አይፈልገውም። ነገ ቢጠፋ ሌላ ይመጣል።

ጠመንጃ ያነገበ ወጣትም ዓይን ይይዛል፤ ይህን ስናገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም. በቶንጎ በፌዴራል ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሣ፤ የስደተኞች ካምፑ ተዘረፈ፣ ተቃጠለም። በዚያ የተጠለሉ ከ10 ሺህ በላይ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ከሱዳን ጦርነት ያመለጡ፣ እንደገና ተሰደዱ። ያን ዕለት የሆነው ሁሉ የስልክ ውጤት ነው አልልም። ነገር ግን ሥራ የሌለው የ19 ዓመት ልጅ፣ በመንደሩ ማንም ምንም የማይጠይቀው፣ «አንተ ታስፈልገናለህ» የሚል ድምፅ በስልኩ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያሻም። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ክፉ የሚለጥፈውን ይቀጣል፤ ለዚህ ልጅ ግን የሚሰጠው ነገር የለም።

ባለፈው ጉዞዬ ቶንጎ ላይ አንድ ባለሞተር አጫወተኝ። ቡና እየጠጣን ስልኩ ጠራ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ምጥ የያዛት ሴት አለች» ብሎ ስኒውን ሳይጨርስ ወደ ገጠር ቀበሌ በረረ። እርሱም የቲክቶክ ገጽ አለው፤ ቀልድ ይለጥፋል። ነገር ግን ስልኩ ቢዘጋ የሚቸገሩ፣ ስሙን ጠርተው የሚፈልጉት ሰዎች አሉ። ኑሮውን አላሳምረውም፦ ቤንዚን በጠርሙስ በውድ እየገዛ ነው የሚሠራው፤ ቢችል አዲስ አበባ መሄድ እንደሚመርጥም ነግሮኛል። ሆኖም «ለማን ነው የምሠራው?» ብሎ ሲጨነቅ አላየሁትም።

አባቶች እዚህ ላይ ደቦን እንደሚያስታውሱኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ በደቦ የቀረ ጎልማሳ ይጠየቅ ነበር፣ መጠየቁም ክብሩ ነበር። ደቦን በዐዋጅ መመለስ ግን አይቻልም፤ ጠላውንና ምግቡን ሲያዘጋጁ የሚያድሩትን ሴቶችም ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

እኔ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ከእኛ ከመምህራን ብቻ አትቀበሉ። ቀበሌያችሁ ሄዳችሁ አንድ ሰው የቸገረውን ጠይቁ፦ የማንጎ ዛፉ የታመመበትን፣ የጉድጓዱ ውኃ የደረቀበትን፣ ቋንቋዋ ከልጅ ልጆቿ አፍ የጠፋባትን አያት። ሥራው ሲያልቅ ለዚያ ሰው መልሳችሁ አስረክቡ። እኛም ውጤት ስንሰጥ ያ ሰው ምን እንዳለ እንጠይቅ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ የጥናትን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል ይላሉ። እኔ አይመስለኝም፤ በዚህ ግን እንከራከር።

ያ ተማሪዬ ባለፈው ዓመት በቴሌግራም ጻፈልኝ። ስለ ወርቁ ምንም አላለም፤ የታናሽ ወንድሙን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት እንዳይለት ነበር የፈለገው። አየሁለት፤ አልፏል። ወንድሙ ቢሮዬ መጥቶ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቀኝ የምመልስለትን ገና እያሰብሁ ነው።

አሁን የእናንተን ጥያቄ እቀበላለሁ።