ቤት ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



እኛ የሕግ ሰዎች አይደለንም። የምንናገረው ማኅበሩ ዘንድ ከመጣው አቤቱታ ያየነውን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታችን ሦስት ሽማግሌ አስቀምጦ፣ በእጅ በተጻፈ ወረቀት ቤት ገዛ። ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ቆለፈና ተኛ። በኋላ የሻጩ ሚስት ደሴ ልጆቿ ዘንድ ከርማ መጣችና «እኔ አልሸጥኩም» አለች። ነገሩ እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት ነው፤ ገንዘቡ ግን ተበልቷል።

ለምን ብትሉ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የቤት ውል በጽሑፍ ሆኖ፣ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት ይሁን ይላል። ሽማግሌ ቢፈርም ምስክር ነው እንጂ ያንን አይተካም። ባልና ሚስት አብረው ያፈሩትን ቤትም አንዱ ብቻውን መሸጥ ወይም በመያዣ መስጠት አይችልም።

መሬቱንማ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። «ባዶ ቦታ ልሽጥልህ» የሚል ደላላ ቢመጣ አትስሙት። (እሱ እንደሆነ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል፣ ማን ያገኘዋል!)

ቀብድ ሳትከፍሉ ካርታውን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ። ስሙ የሻጩ ነው ወይ? ቤቱ በባንክ ዕዳ ተይዟል ወይስ ታግዷል? ብላችሁ ጠይቁ። በመያዣ የተመዘገበ ቤት ቢሸጥም መያዣው ከቤቱ አይላቀቅም፤ ባንኩ ለአዲሱ ገዢ አያዝንለትም። ውሉ ካለቀም በኋላ ስመ ንብረቱ ወደ እናንተ እስኪዞር አትዘናጉ።

ማንበብ የሚቸግረው ሰው ከመፈረሙ በፊት እሑድ ከሰዓት ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ አብረን እናነበዋለን።