ሕልም እንደ ፈቺው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሰው ለሕልም ያለው አመለካከት አንድ ዓይነት አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 እንደተጻፈው፣ የዮሴፍን ሕልም የሰሙ ወንድሞቹ ጠሉት፤ አባቱ ያዕቆብ ግን ቢገሥጸውም ነገሩን በልቡ ጠበቀው። በምዕራፍ 41 ደግሞ ፈርዖን ባየው ሕልም መንፈሱ ታወከች።

በየአጥቢያችንም እንዲሁ ነው። አንዱ ሕልሙን ሲነጋ ይረሳዋል፤ ሌላው ክፉ ሕልም አየሁ ብሎ መንገዱን ያስቀራል፤ ሌላው በሕልሜ ተፈውሰሃል ተባልሁ ብሎ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ያቋርጣል። ይህ የመጨረሻው ሕይወት ያሳጣል። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይባላልና፣ ፍቺውን የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ የነፍስ አባት ነው።

በሕልሙ ብናፌዝ ዳግመኛ አይነግረንም፤ ፈጥነን ብናጸድቅለት የጉዳቱ ተባባሪ እንሆናለን። ስለዚህ በትዕግሥት ሰምተን፣ ከጸሎቱና ከጠበሉ ጋር መድኃኒቱን እንዲቀጥል፣ መዳኑንም በምርመራ እንዲያረጋግጥ እንምከረው። ሰበካ ጉባኤውም ወደ ጤና ጣቢያ አብሮት የሚሄድ ሰው ይመድብለት።

ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም በመፍታት ብቻ አላበቃም፤ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አንድ አምስተኛው እንዲከማች መከረ። በረኀቡም ዘመን ሕዝቡ ከዚያ ጎተራ በላ። እኛም ሕልሙን ይዞ ለሚመጣ ምእመን ሕይወቱን የሚጠብቅ ምክር ልንሰጠው ይገባናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።