የሜካፕ ማስተማሪያ ቪዲዮ መግዛት ያዋጣል ወይ?

(በነቀምቴ በተካሄደው የአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ሲጠራ አብዛኞቻችሁ የቁጠባና የውዝፍ ዝርዝር እንድናነብ ትጠብቃላችሁ። እሱ በጽሑፍ ታድሏል። ዛሬ የምናነሣው በብድር ማመልከቻዎች ላይ ደጋግመን የምናየውን አንድ ጥያቄ ነው። ወጣት አባሎቻችን «ለሜካፕ ኮርስ» ብለው ብድር ይጠይቃሉ። ኮርስ የሚሉት ቦታ ድረስ ሄደው የሚማሩትን አይደለም። ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ከላኩ በኋላ በቴሌግራም የሚደርሳቸው የቪዲዮ ጥቅል ነው። የምናበድረው ገንዘብ ጉሊት የምትቸረችረውም፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠውም በየወሩ ያስቀመጠችው ስለሆነ ጥያቄውን እንደ ዋዛ ልናልፈው አይገባም።

በመጀመሪያ ሙያውን አንናቅ። ሙሽራ መኳል ከቲክቶክ ጋር የመጣ ነገር አይደለም፤ ኩሉም እንሶስላውም ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። ዛሬ በጥር ሙሽራዋም ሚዜዎቿም ይሠራሉ፤ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲመረቁም የውበት ሳሎኖች ሥራ ይበዛባቸዋል። ገበያ አለ። ጥያቄያችን ሙያውን በቪዲዮ ለመማር ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ የሚለው ነው።

ቪዲዮ የሚሰጠው ጥሩ ነገር ቅደም ተከተል ነው። ፊት ከማጽዳት ተነሥቶ ፋውንዴሽን፣ ኮንሲለር፣ ፓውደር፣ ቅንድብ፣ ዐይን፣ ከንፈር እያለ መንገዱን ያሳያል። ያልገባንን መልሰን እናያለን። ልጅ ያላት እናት ልጇን አስተኝታ ማታ መማር ትችላለች። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ መማር ለማትችል ሴት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የማይሰጠው ደግሞ እጅ ነው። እንጀራ ሲጋገር በማየት ብቻ ጋግራ ያወጣች የለችም። እኛ ቪዲዮውን እናየዋለን እንጂ ቪዲዮው እኛን አያየንም፤ «ፊቷና አንገቷ ተለያየ፣ አስተካክይ» አይልም። ብዙዎቹ የተቀረጹት በሪንግ ላይት ነው፤ ፊልተር የተጨመረባቸውም አሉ። እኛ የምንሠራው በመስኮት ብርሃንና በአምፖል ነው። የካሜራ ፍላሽ ሲበራ አንዳንድ ነጭ ፓውደር በጠይም ፊት ላይ አመድ መስሎ እንደሚታይ ብዙ ቪዲዮ አይነግረንም፤ ሙሽራዋ የምታውቀው አልበሙ ሲደርሳት ነው።

የቀለሙም ነገር አለ። ዘፋኟ ሪሃና በ2017 እ.ኤ.አ. ፌንቲ ቢዩቲን በ40 የፋውንዴሽን ቀለሞች ስትጀምር ብዙ የተወራለት፣ ከዚያ በፊት ለጠቆር ያለ ቆዳ የሚሆን ቀለም ጥቂት ስለነበረ ነው። በከተሞቻችን ሱቆች ያን ያህል ምርጫ የለም። ለእኛ የሚጠቅመን ሁለት ቀለም ቀላቅሎ ከቆዳው ጋር ማስማማትን የሚያሳይ ቪዲዮ ነው።

አሁን ወደ ሒሳባችን እንምጣ። ለምሳሌ ያህል ቪዲዮው 2,000 ብር ነው እንበል። ለኢንተርኔት 300 ብር፣ ለመለማመጃ ዕቃ 700 ብር ይውጣ። ቪዲዮው «ግዙ» የሚላቸው ብሩሾች፣ ፋውንዴሽኖችና ፓሌቶች ደግሞ 9,000 ብር ይሁኑ። ድምሩ 12,000 ብር ነው። ከአንድ ሙሽራ 1,500 ብር ተቀብለን ለዕቃና ለትራንስፖርት 500 ብር ብናወጣ 1,000 ብር ይቀራል። ቪዲዮው ብቻውን በ2 ሙሽራ ይመለሳል፤ ጠቅላላው ወጪ ግን 12 ሙሽራ ይፈልጋል። ሌሎች ሳሎኖች ባሉበት ትንሽ ከተማ 12 ሙሽራ ለጀማሪ የዓመት ሥራ ሊሆን ይችላል። የሚያስከፍለን ከቪዲዮው ይልቅ ቪዲዮው የሚያስገዛን ዕቃ ነው። ዕቃው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

«ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ አይደል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉን በነጻ ማግኘት ይቻላል። ታዲያ የሚሸጠው ቪዲዮ ከነጻው በምን ይለያል? የሠራችሁትን ፊት ፎቶ አይቶ «እዚህ ጋ በዝቷል፣ እዚያ ጋ አንሷል» ብሎ የሚያርም ባለሙያ ካለው ዋጋ አለው። ከሌለው በነጻ የሚገኘውን ነው የምንከፍልበት። ገንዘብ የሚከፈለው ለምስሉ ሳይሆን ለእርማቱ ይሁን።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ሻጩ ማን ነው? ደረሰኝ ይሰጣል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ሻጩ በቴሌግራም ስም ብቻ የሚታወቅ ከሆነ ግን መብታችንን ከማን እንጠይቃለን? የቴሌብር መልእክት ብር መላካችንን ያሳያል እንጂ ምን እንደገዛን አያሳይም። ቋንቋውስ? አፋን ኦሮሞ ብቻ ለምትችል ልጅ ፈጣን አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ምን ይረባታል? ቪዲዮው ስልክ ላይ ይወርዳል ወይስ ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ ይታያል? በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ለ3 ወር ገደማ፣ በብዙ ቦታም ከነስልኩ ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። ሰርተፊኬት እንሰጣለን ለሚሏችሁም፣ ያ ወረቀት የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ እንዳልሆነ እወቁ።

የጤናውም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ቆዳ የሚያነጣ ቅባት የሚያስተዋውቅ ቪዲዮ ካያችሁ ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት በአንዳንዶቹ ውስጥ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ እንደሚገኝ ያስጠነቅቃል። ብሩሽ ሳይታጠብ ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ አይለፍ፤ ማስካራ ከዐይን ወደ ዐይን በሽታ ያስተላልፋል።

አንዳንዶቻችሁ «ለዶሮ እርባታ ስንጠይቅ ትሰጣላችሁ፣ ለሜካፕ ሲሆን ትመረምራላችሁ» ብላችሁናል። ለዶሮም መኖው ከየት ነው፣ ዕንቁላሉን ማን ይገዛል ብለን እንጠይቃለን። መመዘኛው አንድ ነው። ቪዲዮ ገዝተው ብድራቸውን እየከፈሉ ያሉ አባሎቻችንንም ማንም እንዳይዘባበትባቸው፤ ራስን ለመቻል ያደረጉት ጥረት ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለቪዲዮ ብቻ ለግለሰብ ብድር አይሰጥ። ሁለተኛ፣ እርማት ያለው አንድ ኮርስ በማኅበሩ ስም፣ ለቡድን ለማሳየት የሻጩን ፈቃድ በጽሑፍ ይዘን እንግዛ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሻችን አብረን እያየን እርስ በርስ እንለማመድ። ሳሎን ያላት አንዲት አባል ተገኝታ እጃችንን ታርም፤ ለድካሟም ይከፈላት። ደጋፊዎቻችን ልታግዙን ከፈለጋችሁ የእሷን የሰዓት ክፍያ ብትሸፍኑልን ከማንኛውም የሜካፕ ዕቃ ይልቅ ይጠቅመናል። ሦስተኛ፣ የዕቃ ብድር የሚሰጠው 10 የተለያዩ ሰዎችን ፊት ሠርታ ላሳየች ይሁን፤ ዕቃውም በዝርዝር ተለይቶ፣ በመጀመሪያ ለሥራው የግድ የሚያስፈልገው ብቻ ይገዛ።

አሁን የእናንተን ሐሳብ እንሰማለን፤ ከዚያ እጅ በማውጣት እንወስን።