የከበሮው ክፍያ

ነጻ ነገር ይናቃል ይባላል። ለሰፈር ሰው ያለ ክፍያ የሳምባ (የብራዚል ሙዚቃ ስልት) ከበሮ ቡድን ላቋቁም የሚል ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ተቃውሞም ይኸው ነው፤ ያልከፈለ ሰው ይቀራል፣ ያረፍዳል። ሳምባ ግን መልሱን በራሱ አሠራር ይዟል። ሱርዶ የሚባሉት ትልልቅ ከበሮዎች እንደ ተቀባይና አውጪ ይመላለሳሉ፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ዝም ይላል፣ ሦስተኛው በመሃል ይገባል። አንድ ሰው ከቀረ ክፍተቱ ለሁሉም ጆሮ ይሰማል። እናም ሰውን የሚያስመጣው የከፈለው ገንዘብ ሳይሆን በሌሎቹ መፈለጉ ነው። የሱርዶ መሠረታዊ ምት ደግሞ ቀላል ስለሆነ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ከሌሎቹ ጋር ሊመታ ይችላል (ፒያኖ እንዲህ ደግ አይደለም)።

ነጻ ነገር ሁሌ እንደማይናቅም ምሳሌ አለ፤ በብራዚሏ ሳልቫዶር፣ ያኔ እጅግ ተጎሳቁሎ በነበረው የፔሎሪኞ ሰፈር፣ እ.አ.አ. በ1979 የተመሠረተው ኦሎዱም የተባለ የከበሮ ቡድን ለሰፈሩ ልጆች ከበሮን በነጻ አስተምሯል። በ1996 ማይክል ጃክሰን ለዘፈን ቪዲዮው የፈለገው ይህንኑ ቡድን ነው። የከበሮው ጫጫታ ጎረቤት ይረብሻል የሚለው ሌላው ስጋት ግን እውነት ነው፤ መፍትሔውም ሰዓትና ቦታ መምረጥ ነው። ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ከበሮ ከመፈለጋችሁ በፊት ጎረቤቶቻችሁን አማክሩ።