የመጥመቂያ መሣሪያ ስንቱን ድካም ያቃልላል?

(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከጠላ ጠማቂ እናቶች አንዷ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ)



ለማኅበራችን ድግስ ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ድካም እንዲቀልላቸው፣ አውቶማቲክ የቤት መጥመቂያ መሣሪያ በመዋጮ እንግዛ የሚል ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። ሐሳቡ ከቅን ልቦና የመነጨ ነው። ሆኖም ገንዘቡ የሁላችንም ስለሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ውጭ አገር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ፣ በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ቢራ ሲጠምቅ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። መሣሪያው የተፈጨውን ብቅል በ65 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ለ60 ደቂቃ ያቆየዋል፤ ውሃውን በፓምፕ ያዘዋውራል፤ ከዚያም 60 ደቂቃ ያህል ይቀቅለዋል። እሳት ዳር ቆሞ ማማሰልና ሙቀት መጠበቅ ቀርቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጢስ ዓይኗን የፈጃት ታውቀዋለች።

ታዲያ የቀረውን ማን ሠራው? ብቅሉን የፈጨው፣ ውሃውን የለካው፣ ሆፑን (የእነሱ ጌሾ ማለት ነው) የመዘነው፣ ትኩሱን አተላ ተሸክሞ ያወጣው ልጁ ነው። ከዚያ ማቀዝቀዝ፣ እርሾ መጨመር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ጠርሙስ አጥቦ መሙላት አለ። ፓምፑንና ቧንቧውን ማጠብማ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀበት። «እቴቴ፣ እሱ ይጠምቃል፣ እኔ አጥባለሁ» ብሎ አሳቀኝ።

አሁን ወደ እኛ ጠላ እንምጣ። ጋን በግራዋ ማጠብ፣ በወይራ ማጠን፣ ብቅል ማብቀል፣ ጌሾ መውቀጥ፣ መጠንሰስ፣ ቂጣ መጋገር፣ እንኩሮ ማንኮር፣ መደፍደፍ፣ ማጥለል። መሣሪያው ከነዚህ የትኛውን ይሠራልናል? ጠላ እንደ ቢራ በእሳት አይቀቀልም፤ የእሳቱ ሥራ ምጣድ ላይ ነው። መፍላቱን ደግሞ ድሮም ቢሆን ጋኑ ራሱ ይጨርሰዋል፤ ለሱ ደመወዝ የሚከፍል የለም።

ሌላም አለ። ያየሁት መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው 20 ሊትር ያህል ነው። ለድግሳችን 200 ሊትር ቢያስፈልግ አሥር ጊዜ መጥመቅ ሊኖርብን ነው። መብራት መሀል ላይ ቢጠፋስ?

ጉልበታችንን የሚጨርሰው ውሃ መቅዳት፣ መውቀጥና ማጠብ ነው እኮ! ስለዚህ የማሳስበው ይህን ነው፦ ብቅሉና ጌሾው ወፍጮ ቤት ይፈጭ፤ ከቧንቧው እስከ ጓሮ የሚደርስ የውሃ ጎማ ይገዛ፤ ትልቅ ማጥለያና ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጨመር። በርሜልና ጋን ማጠቡን ወጣት ወንዶች ልጆቻችን ይረከቡን። ጠላው ሲቀዳ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ አይደሉ?

መሣሪያ አልጠላሁም። ነገር ግን የሚያቃልለው ሥራና እኛን የሚያደክመን ሥራ አንድ መሆኑን ሳናይ ገንዘባችንን አናውጣ እላለሁ። ኮሚቴው ያስብበት።