አውሬው ከመታየቱ በፊት

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር




ሰው ከአውሬ ለመዳን ሲል ጎጆ ቀለሰ፤ አጥር አጠረ፤ እሳት አነደደ፤ በመጨረሻም ከተማ ቆረቆረ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ደግሞ ያው ሰው በከተማው መካከል ጨለማ አዳራሽ ሠርቶ፣ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ፣ አውሬ ሰውን ሲያሳድድ ለማየት ይቀመጣል። ነገሩ ሲያስቡት ግራ ያጋባል። ሻርክ፣ አንበሳ፣ አዞ ወይም እባብ ጥቂት ሰዎችን በአንድ ቦታ ከብቦ የሚያስጨንቅባቸው ፊልሞች ከሲኒማ ቤት ጠፍተው አያውቁም። ሐያስያን ብዙዎቹን ይንቋቸዋል፤ ተመልካቹ ግን ትኬት መግዛቱን አልተወም።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሰው ደም ማየት ስለሚወድ ነው» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ይሁን እንጂ ትክክል አይመስልም። ከእነዚህ ፊልሞች የተሻሉትን ሰዓት ይዞ የተመለከተ ሰው፣ ደም የሚፈስበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑን ይረዳል። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው በመጠበቅ፣ በማዳመጥ፣ ርቀት በመገመትና በእጅ ያለውን ዕቃ በመቁጠር ነው። ተመልካቹ በወንበሩ ላይ ሆኖ «በሩ ይችለው ይሆን? ገመዱ ይደርስ ይሆን? ውሃው እስኪሞላ ስንት ሰዓት ቀረው?» እያለ ያሰላል። ስለዚህ የፊልሙ ኃይል ከአውሬው ጥርስ ይልቅ በአውሬው ዙሪያ ባለው የሰዎች አሠራር ላይ ያረፈ ነው። አውሬው እንደ ጭነት ነው ቢባል ለመሐንዲስ ይቀለዋል፤ ታሪኩ የሚገኘው ጭነቱን በሚሸከመው አካል ላይ፣ በተለይም ስንጥቁ በጀመረበት ቦታ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ «ጆውስ»፣ ማለትም «መንጋጋ» የተባለው የ1975 ፊልም ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ በአንዲት የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ከተማ ዋናተኞችን ስለሚበላ ትልቅ ሻርክ ነው። ዲሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ፊልሙን ሲሠራ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ለሥራው ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያላቸው ሦስት ሰው ሠራሽ ሻርኮች ተሠሩ፤ የሚንቀሳቀሱትም በታመቀ አየር ነበር። አንዱ በሁለቱም ጎኑ ቆዳ የለበሰ ሆኖ ሆድ አልነበረውም። የቀሩት ሁለቱ አንዱ በግራ ጎኑ፣ ሌላው በቀኝ ጎኑ ብቻ እንዲታይ የታሰቡ ስለነበሩ፣ በማይታየው ወገን ብረታቸውና ቱቧቸው ተጋልጦ ይታይ ነበር።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦች ፈገግ ማለታቸው አይቀርም፤ መኪናዎቹ ወደ ሥራ ከመሰማራታቸው በፊት በባሕር ውሃ አልተፈተኑም ነበርና። ጨዋማው ውሃ የውስጥ ዕቃቸውን በላው፤ አንዱም ገና በመጀመሪያው ሙከራ ወደ ባሕሩ ወለል ሰጠመ። በ55 ቀን ይጠናቀቃል የተባለው ቀረጻ 159 ቀን ፈጀ፤ 4 ሚሊዮን ዶላር ያህል የታሰበለት ወጪም ወደ 9 ሚሊዮን አሻቀበ። በግንባታ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ሪፖርት ይዞ የሚቀርብ መሐንዲስ ምን እንደሚጠብቀው ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዲሬክተሩ ግን የማይሠራ ሻርክ ይዞ አስፈሪ ፊልም መሥራት ነበረበት። ስለዚህ ሻርኩን ደበቀው። በፊልሙ መክፈቻ በሌሊት የምትዋኘው ወጣት ስትያዝ የሚታይ አንዳች አውሬ የለም፤ በተዋናይቷ ወገብ ላይ ገመድ ታስሮ ሠራተኞች ከግራና ከቀኝ ይጎትቷት ነበር። ኋላም ሻርኩ መምጣቱ የሚታወቀው ባሕሩ ላይ በሚንሳፈፉ ቢጫ በርሜሎች ነው። በርሜሎቹ ሲጠልቁ፣ ከሥር የሚጎትታቸው ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ተመልካቹ ራሱ ይገምታል። የጆን ዊልያምስ ሙዚቃ ደግሞ በሁለት ድምፅ ብቻ ተጀምሮ እየፈጠነ ይሄዳል። ሻርኩ ከውሃው ብቅ ብሎ በግልጽ የሚታየው ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ፊልሙ ሦስት የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ እነርሱም ለፊልም ቅንብር፣ ለሙዚቃና ለድምፅ የተሰጡ ናቸው። ሦስቱም ሻርኩ በሌለበት የሚሠሩ ሙያዎች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። በታመቀ አየር አልንቀሳቀስ ብሎ ያን ሁሉ ያስቸገረው ሻርክ፣ በታሪኩ መጨረሻ የሚሞተው የታመቀ አየር በያዘ ሲሊንደር ፍንዳታ መሆኑም ለመሐንዲስ የተለየ ቀልድ ነው።

ተቃራኒውን ሙከራ ያደረገ ፊልምም አለ። በ1981 የወጣው «ሮር» የተሠራው በደርዘን በሚቆጠሩ እውነተኛ አንበሶችና ነብሮች ነው። በቀረጻው ጊዜ 70 ያህል ሰዎች ቆሰሉ፤ የካሜራ ባለሙያውም የራስ ቅሉ ቆዳ ተገፎ ተሰፋ። ይህ ሁሉ አደጋ በእውን ደርሶ ሳለ ፊልሙ ወጪውን እንኳ አልመለሰም። አንበሶቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቤቱን ሞልተው ይታያሉ፤ ተመልካቹ የሚጠብቀው፣ የሚያሰላውም ነገር አይተዉለትም። አደጋ መኖሩ ብቻ ፍርሃትን አይፈጥርም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የተሻሉ ፊልሞች ይህን የተረዱ ይመስላል። በ2016 የወጣው «ዘ ሻሎውስ» አንዲት የሕክምና ተማሪ ከባሕር ዳርቻ ጥቂት መቶ ሜትር በማይርቅ ዐለት ላይ ያስቀምጣል። ዐለቱ ባሕሩ ሲሞላ ይዋጣል። ልጅቷ ቁስሏን በጆሮ ጌጧ እየሰፋች፣ ሻርኩ ዙሪያውን ዞሮ እስኪመለስ የሚወስድበትን ጊዜ በእጅ ሰዓቷ ትለካለች። የ2019ኙ «ክሮል» ደግሞ አባትንና ልጅን በፍሎሪዳ ማዕበል ጊዜ በአንድ ቤት ወለል ሥር ከአዞዎች ጋር ይዘጋቸዋል፤ የውሃው ከፍታ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ያገለግላል። በ2003 የወጣው «ኦፕን ዎተር» ከሁሉ ይልቅ ጸጥተኛው፣ ስለዚህም ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ነው። በዚያ ፊልም ጥፋት የሚጀምረው ከሻርክ አይደለም። የጀልባው ሠራተኛ ከባሕር የወጡትን ጠላቂዎች ሲቆጥር ይሳሳታል፤ ጀልባውም ባልና ሚስቱን ጥሎ ይሄዳል። መነሻውም በ1998 አውስትራሊያ አጠገብ በሁለት ጠላቂዎች ላይ በእውን የደረሰ አደጋ ነው። አንድ መስመር በትክክል አለመመዝገቡ የሁለት ሰው ሕይወት ያህል ከበደ። የሥራ ቦታ መዝገብ የሚይዝ ሁሉ ይህን ፊልም ቢያየው መልካም ነው።

ወደ «ጆውስ» አንድ ጊዜ መመለስ ያስፈልጋል፤ የዚህ ዓይነት ፊልም ዋና ምሥጢር ያለው በከንቲባው ላይ ነውና። የከተማይቱ የፖሊስ አዛዥ የመጀመሪያዋ ሟች ሬሳ እንደተገኘ የባሕሩን ዳርቻ ሊዘጋ ይነሣል። ከንቲባው ግን የበዓሉ ገበያ እንዳይቀር ሲል ያስቆመዋል፤ የሞቱ ምክንያትም የጀልባ አደጋ ነው ይባላል። ቀጥሎ አንድ ሕፃን ይሞታል። ተመልካቹ ከሻርኩ ይልቅ በከንቲባው ይናደዳል፤ መናደዱም ትክክል ነው። ሻርክ መብላቱ ተፈጥሮው ነው። አደጋ መኖሩን እያወቀ ፊርማውን የሚያኖር ሰው ግን ከአውሬ ወገን አይቆጠርም። ተመልካች እንዲህ ያለውን ሰው በመሥሪያ ቤቱ፣ በሠፈሩ ወይም በጋዜጣ ያውቀዋል፤ ሲኒማ ቤት ሲገባም አብሮት ይገባል።

ታሪኩ ለእውነተኛው ሻርክ ግን ደግ አልሆነም። የመጽሐፉ ደራሲ ፒተር ቤንችሊ፣ ፊልሙ በሻርኮች ላይ ያስነሣውን ጥላቻ አይቶ በኋለኛው ዘመኑ ስለ ሻርኮች ጥበቃ ሲሟገት ኖረ። በዓለም ላይ በሻርክ የሚሞቱት ሰዎች በአብዛኛው ዓመት ከአሥር አይበልጡም፤ በ2013 በወጣ ጥናት ግምት በሰው እጅ የሚያልቁት ሻርኮች በዓመት 100 ሚሊዮን ያህል ናቸው።

አሁን ደግሞ ከፊልም ወደ እውነት፣ ከባሕር ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ማለፍ ይገባል። በ1898 እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወስደውን የባቡር ሐዲድ ይዘረጉ ነበር። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ሐዲድ ሥራም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተጀምሮ ስለነበር፣ በዚህ አካባቢ ሁለት ሐዲዶች በአንድ ዘመን ቆላውን ያቋርጡ ነበር። በጻቮ ወንዝ ላይ ድልድይ እንዲሠራ የተላከው ጆን ሄንሪ ፓተርሰን ነው። ሠራተኞቹ አብዛኛዎቹ ከሕንድ የመጡ ነበሩ። በዚያ ጋማ የሌላቸው ሁለት ወንድ አንበሶች ሌሊት ሌሊት ወደ ድንኳኖቹ እየገቡ ለብዙ ወራት ሰው ወሰዱ። የእሾህ አጥር ታጠረ፤ እሳት ነደደ፤ ዘብ ቆመ፤ አንበሶቹ ግን በየጊዜው ደካማውን ቦታ ፈልገው ያገኙ ነበር።

ፓተርሰን እንደ ማንኛውም መሐንዲስ በእጁ ባለው ዕቃ መፍትሔ ፈለገ። ሐዲድ ከሚጋደምባቸው እንጨቶች፣ ከሐዲድ ብረት፣ ከቴሌግራፍ ሽቦና ከሰንሰለት ትልቅ ወጥመድ ሠራ። ወጥመዱ ሁለት ክፍል ነበረው፤ በብረት ፍርግርግ በተለየው በስተኋላው ክፍል ሰዎች እንደ ማባበያ ይቀመጣሉ፤ አንበሳው በፊት ለፊቱ ሲገባ በሩ ይዘጋል። አንድ ሌሊት አንበሳው ገባ፤ በሩም ተዘጋ። ዲዛይኑ አልተሳሳተም። በውስጥ የነበሩት ታጣቂዎች ግን ደንግጠው በጥቂት ሜትር ርቀት እየተኮሱ ሳቱት፤ ከጥይቶቹም አንዱ የበሩን ብረት መትቶ ከፈተለትና አንበሳው አመለጠ። ስሌቱ የሰውን ድንጋጤ አልጨመረም ነበር።

በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ሠራተኞቹ መታገሥ አቃታቸው። የመጡት ለመንግሥት ሥራ እንጂ የአንበሳ ቀለብ ለመሆን እንዳልሆነ ለፓተርሰን ነገሩት። ከዚያም በመቶ የሚቆጠሩት መጀመሪያ ያለፈውን ባቡር ለማስቆም ሐዲዱ ላይ ተኙ፤ ባቡሩ ሲቆም ተሳፍረው ሄዱ። ሥራው ሦስት ሳምንት ያህል ቆመ። የቀሩት በውሃ ታንከር ላይ፣ በጣራ ላይ፣ በዛፍ ላይ አልጋ እያሰሩ አደሩ። ፓተርሰን የመጀመሪያውን አንበሳ ታኅሣሥ 9፣ ሁለተኛውን ታኅሣሥ 29 ቀን ገደለ። ድልድዩም በቀጣዩ ዓመት አለቀ።

ይህ ታሪክ ለፊልም ተደጋግሞ ቀርቧል። በ1952 የወጣው «ብዋና ዴቪል» ልዩ መነጽር ተደርጎ በሦስት አቅጣጫ ከሚታዩት ባለ ቀለም ረጅም ፊልሞች የመጀመሪያው የአሜሪካ ሥራ ነው። የ1996ቱ «ዘ ጎስት ኤንድ ዘ ዳርክነስ» ደግሞ በድምፅ ቅንብር ኦስካር አገኘ፤ አሁንም በዓይን የማይታየው ሙያ መሸለሙን ያስተውሏል። በዚህ ፊልም ሬሚንግተን የሚባል አሜሪካዊ አዳኝ ተጨምሯል፤ በጻቮ ግን እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። አንበሶቹም ጋማ ያላቸው ናቸው። ታሪኩን የሚተርከው ሳሙኤል የተባለ አፍሪቃዊ መሆኑ ያስመሰግነዋል፤ ይሁንና ካሜራው የሚከተለው ጠመንጃ የያዙትን ሁለት ሰዎች ነው። የተሻለው ፊልም ሐዲዱ ላይ ከተኙት ሰዎች በአንዱ ዓይን የሚታየው ይሆን ነበር። እነርሱ ፍርግርጉን ያልነደፉ፣ ጠመንጃም ያልታደላቸው ነበሩ፤ ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር ብቻ ሲቀራቸው ግን ሰውነታቸውን ሐዲዱ ላይ አኖሩ። ባሕሩ እንዲዘጋ የጠየቀው የፖሊስ አዛዥ ያላገኘውን ያገኙትም እነርሱ ናቸው፤ ሥራው ቆመ።

የሟቾቹ ቁጥር እስካሁን ያከራክራል። ፓተርሰን በ1907 ባወጣው መጽሐፍ 28 ሕንዳውያን መሞታቸውን ጻፈ፤ ስለ አገሩ ተወላጆች ግን በመንግሥት መዝገብ የተያዘ ነገር እንደሌለ በዚያው ገለጸ። ኋላም ቁጥሩን 135 አደረሰው። በ2009 የአንበሶቹን አጥንትና ጠጉር የመረመሩ ሳይንቲስቶች የተበሉትን 35 ያህል ገመቱ። ከአንበሶቹ አንዱ ክራንቻው የተሰበረና ሥሩ መግል የቋጠረ እንደነበረም ከራስ ቅሉ ታይቷል፤ ጎሽና የሜዳ አህያ ለመጣል የሚያስቸግረው አውሬ ወደ ድንኳን መምጣቱ ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ሁለቱ ቆዳዎች ለ25 ዓመት ያህል በፓተርሰን ቤት የወለል ምንጣፍ ሆነው ቆዩ። በ1924 በ5,000 ዶላር በቺካጎ ለሚገኘው የፊልድ ቤተ መዘክር ተሸጡ፤ ቅርጽ ተሰጥቷቸው፣ እስከ ዛሬ በመስታወት ውስጥ ይታያሉ። ቆዳዎቹ ለምንጣፍ ሲባል ተቆርጠው ስለነበር፣ የቆሙት አንበሶች በሕይወት ከነበሩበት መጠን ያነሱ ናቸው። ፊልሙን አይቶ የሚመጣ ጎብኚ ጋማ ያለው ግዙፍ አውሬ ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን ጋማ የሌላቸው፣ ከጠበቀው ያነሱ ሁለት እንስሶች ነው።