የሞተር ብስክሌትን ጎማ በቤት ስለ መፍታትና ስለ መግጠም



በሞተር ብስክሌት ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚመላለስ ሰው ሕይወቱን በ2 ጎማዎች ላይ አኑሯል። ስለዚህ ጎማ በቤቱ ሊፈታ የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ ልክ የሆነውን መፍቻ ይያዝ፤ ፒንሳና መዶሻ የዳዶውን ማዕዘን ከማበላሸት በቀር አይረዱም።

የኋላውን ጎማ ለመፍታት ሞተሩን በደልዳላ ስፍራ ያቁሙ። ጎማው መሬት ረግጦ ሳለ ዳዶውን ያላሉት፤ ከዚያም በመካከለኛው መቆሚያ ያንሡት። የካቴናው ማስተካከያ በግራና በቀኝ የቆመበትን ምልክት ይመዝግቡ። ፐርኖውን ሲስቡ የሚወጡትን ቀለበቶች እንደየተራቸው በጨርቅ ላይ ይደርድሩ። ፍሬኑ የዲስክ ከሆነ ጎማው ወጥቶ ሳለ አይጫኑት፤ ፒስተኖቹ ይገፋሉና።

ሲመልሱ ፐርኖውን ጠርገው ስስ ግራሶ ይቀቡት፤ ፍሬኑን ግን ቅባት አይንካው። በጎማው ላይ ቀስት ካለ ወደ ፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ ያመልክት። የካቴናውን ልክ አስተካክለው ዳዶውን የጥብቀት ልክ በሚያሳይ መፍቻ፣ የሞተሩ መምሪያ መጽሐፍ በሚያዘው መጠን ያጥብቁ። መቆለፊያ ሽቦ ካለው በአዲስ ይተኩት።

በመጨረሻም ጎማውን በእጅዎ ያሽከርክሩ፤ ፍሬኑንም እስኪጠነክር ደጋግመው ይጫኑ። የመጀመሪያው ጫና ባዶ ሊሆን ይችላልና፤ ይህ የሚታወቀው በግቢዎ እንጂ በቁልቁለት መንገድ ላይ አይሁን።